ተማሪው የሚሠራበት ሰዓት

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በአንድ የኮሌጅ ክፍል፣ በአንዱ የትምህርት ሰዓት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው ማን ነው? መምህሩ ሲዘጋጅ ያመሻል፤ ጠዋት ቆሞ ይናገራል፤ ሰሌዳውን በቀመር ሞልቶ ያጠፋል፤ አጥፍቶም እንደገና ይሞላል። ተማሪው በበኩሉ ይገለብጣል። ሰዓቱ ሲያልቅ አንደኛው ድምፁ ተዘግቶ፣ ሌላው ደብተሩን ሞልቶ ይለያያሉ። በዚያ ሰዓት ውስጥ አንድን ነገር ከሥሩ ያሰበ፣ የተጠራጠረ፣ መርምሮም የወሰነ ሰው ቢኖር መምህሩ ብቻ ነው። ተማሪው ግን የማሰቡን ሥራ ለፈተና ዋዜማ አቆይቶታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠይቀውም የሚያርመውም ሰው በአጠገቡ የለም።

ዛሬ የኮሌጅ ተማሪን በትምህርቱ ስለ ማሳተፍ ብዙ ይነገራል። የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም ስለ ኮምፒዩተር፣ ስለ ፕሮጀክተርና ስለ ስልክ። ይሁን እንጂ ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉት ጥናቶች የሚያመለክቱት ከዚህ የቀለለ ነገር ነው። ውጤት ያስገኘው፣ በክፍሉ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ከመምህሩ ወደ ተማሪው እንዲዛወር መደረጉ ነው። ይህንንም ለመጀመር በሚገባ የታሰበበት አንድ ጥያቄና ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ።

ማስላትና መረዳት

ነገሩ ለመሐንዲሶች ባዕድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ጫፉ ብቻ ከሕንፃው ጋር የተያያዘና ሌላው ጫፉ በአየር ላይ የቀረ የበረንዳ ሶሌታ ይወሰድ። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የዚህን ሶሌታ ቤንዲንግ ሞመንት በቀመር አስልቶ ትክክለኛውን ቁጥር ያወጣል። ነገር ግን ቀመሩ ተትቶ «ዋናው ፌሮ ከሶሌታው በላይኛው ወገን ይቀመጥ ወይስ በታችኛው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያመነታ፣ አመንትቶም «በታችኛው» ብሎ የሚመልስ አይታጣም።

በሁለት ጫፉ የተደገፈ ሶሌታ ሲጫነው መሐሉ ወደ ታች ስለሚጎብጥ የሚወጠረው የታችኛው ገጽ ነው፤ ስለዚህ ፌሮው ወደ ታች ይሆናል። በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘው ሶሌታ ግን ነጻው ጫፍ ሲዘነብል የሚወጠረው የላይኛው ገጽ ነው። ኮንክሪት መጨመቅን በሚገባ ይችላል፤ መወጠርን ግን እምብዛም አይችልም። ከዚህም የተነሣ ፌሮው በታች የተቀመጠበት በረንዳ ካሳፎርማው ሲነሣ፣ ወይም አንድ ቀን ሰው ሲሰበሰብበት ሊወርድ ይችላል። ሞመንቱን አስልቶ ሙሉ ነጥብ ያገኘው ተማሪና ፌሮውን ያለ ቦታው ያስቀመጠው መሐንዲስ አንድ ሰው ሊሆኑ የሚችሉ መሆናቸው ነው ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው።

በማስላትና በመረዳት መካከል ያለው ይህ ክፍተት ይበልጥ የተጠናው በፊዚክስ ትምህርት ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስተነስ ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ ተማሪዎች ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ከኑሮ ልማድ ይዘውት የመጡት የተሳሳተ አስተሳሰብ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ካለፈ በኋላም አብዛኛው ሳይነቀል ይቀራል። አንድ ከባድ የጭነት መኪናና አንዲት ባጃጅ ፊት ለፊት ቢጋጩ የትኛው በትኛው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የሚወጣው ተማሪ እንኳ «የጭነት መኪናው» ለማለት ይቸኩላል። ሕጉ ግን ሁለቱ ኃይሎች እኩል ናቸው ይላል። የባጃጇ ጉዳት የሚከፋው ክብደቷ አነስተኛ በመሆኑ ያው ኃይል ፍጥነቷን እጅግ አብልጦ ስለሚለውጠው፣ አካሏም ደካማ ስለ ሆነ ነው።

የሃርቫርዱ መምህር ያጋጠማቸው

ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ማስተማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ተማሪዎቻቸው በፈተና ጥሩ ውጤት ያመጡ ነበር፤ ለመምህራቸውም የሚሰጡት ግምት ከፍ ያለ ነበር። ማዙር እ.ኤ.አ. በ1990 የሃሉንንና የሄስተነስን ጥናት ሲያነቡ እንዲህ ያለው ጉድለት በሃርቫርድ ተማሪዎች ላይ ይገኛል ብለው አላመኑም። ለማረጋገጥም ያንኑ መመዘኛ ለክፍላቸው ሰጡ። በፈተናው ላይ አንድ ተማሪ፣ ጥያቄዎቹ መምህሩ ባስተማሩት መሠረት ይመለሱ ወይስ ሰው ነገሩን በራሱ በሚያስብበት መንገድ ሲል ጠየቀ። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ጠቅላላው ችግር ተገልጧል። ተማሪው በአእምሮው ሁለት ዓለም ይዞ ነበር፤ አንደኛው ለፈተና፣ ሁለተኛው ለኑሮ።

ውጤቱ መምህሩ ከጠበቁት በታች ሆነ። ማዙር ከጥያቄዎቹ አንዱን በሰሌዳ ላይ ደጋግመው ቢያስረዱም የተማሪዎቹ ግራ መጋባት አልተወገደም። በመጨረሻ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩበት አዘዙ። ክፍሉ ወዲያው በንግግር ተሞላ፤ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላም ብዙዎቹ ትክክለኛው መልስ ላይ ደረሱ። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ነገሩን ዛሬ ጠዋት የተረዳ ተማሪ ጓደኛው የተሰናከለበትን ድንጋይ ያውቀዋል፤ ከሃያ ዓመት በፊት የተረዳው መምህር ግን ድንጋዩ የት እንደ ነበረ እንኳ ረስቶታል።

ከዚህ አጋጣሚ ተነሥቶ የተደራጀው ዘዴ የሚከተለው ነው። ተማሪው ለክፍሉ የተመደበውን ንባብ አስቀድሞ አንብቦ ይመጣል። መምህሩ አንዱን ሐሳብ በጥቂት ደቂቃዎች ያብራራና ከአንድ ጥያቄ ጋር ሦስት ወይም አራት አማራጮችን ያቀርባል። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያህል ለብቻው በዝምታ አስቦ መልሱን ያሳውቃል። በትክክል የመለሱት ከመቶ ከሠላሳ በታች ከሆኑ መምህሩ ሐሳቡን እንደገና ያስረዳል፤ ከሰባ በላይ ከሆኑ በአጭሩ አብራርቶ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ሲሆን ግን ተማሪዎቹ ሌላ መልስ ከሰጠ ጎረቤት ጋር ለጥቂት ደቂቃዎች ይከራከራሉ፤ ከዚያም ድጋሚ ይመልሳሉ። በመጨረሻ መምህሩ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደ ሆነ፣ ስሕተቱም ለምን ስሕተት እንደ ሆነ ይገልጻል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ አስፈላጊው፣ ተማሪው ከጓደኛው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ራሱ መወሰኑ ነው። አንድ መልስ ይዞ የቆመ ሰው መልሱን ለመከላከል ምክንያት ይፈልጋል፤ ምክንያት ሲፈልግም የዕውቀቱን ቀዳዳ ያገኛል። ምንም ያልወሰነ ሰው ግን የሌላውን መልስ ሰምቶ «እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር» ይላል።

የጥናቶቹ ምስክርነት

እንዲህ ያለው ክርክር ደካማውን ተማሪ ከጎበዙ እንዲቀዳ ከማድረግ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ የጄኔቲክስ ትምህርት ክፍል የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ተማሪዎቹ ከተወያዩ በኋላ ያንኑ ሐሳብ በሌላ መልክ የያዘ ሁለተኛ ጥያቄ ለየብቻቸው እንዲመልሱ ተደረገ። መልሳቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ከቡድኑ መካከል የመጀመሪያውን መልስ በትክክል የሚያውቅ አንድም ሰው ባልነበረበት ጊዜ እንኳ መሻሻል ታየ። ስለዚህ ክርክሩ ራሱ ዕውቀት ያፈልቃል ማለት ነው።

ሰፋ ያለው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣው ጥናት ነው። በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ የኮሌጅ ትምህርት ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን በአንድነት መዝኖ እንዳሳየው፣ መምህሩ ብቻ በሚናገርባቸው ክፍሎች ከሚማሩት የወደቁት በአማካይ ከመቶ 33.8 ሲሆኑ፣ ተማሪው በሚሠራባቸው ክፍሎች ግን ከመቶ 21.8 ናቸው። ይህ ልዩነት ከአንድ መቶ ተማሪዎች አሥራ ሁለቱ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ወጣቶች፣ ከእያንዳንዳቸውም ኋላ ልጁን ለማስተማር ጥሪቱን ያሟጠጠ ቤተሰብ አለ።

ከአገር ቤት የሚገኝ ምስክር

ይህን ዘዴ ፈጽሞ እንግዳ አድርጎ መመልከት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ የአብነት ትምህርት ቤቶች ብዙው ትምህርት በቃል የሚያዝ መሆኑ እውነት ነው፤ የቅኔ ቤት ግን ከዚህ የተለየ ሥርዓት አለው። መምህሩ ግሱንና አገባቡን ያስተምራል፣ የቅኔውንም መንገድ ያሳያል። ተማሪው ከዚያ በኋላ ዘወር ብሎ ለብቻው እያወጣ እያወረደ ቅኔውን ይቆጥራል። የቆጠረውንም ለነገራ ያቀርባል፤ ስሕተቱም በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። አስነጋሪ የሚባለው ከፍ ያለው ተማሪ ታናናሾቹን እየሰማ ያቃናል። ጀማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ስለ ያዘ ብቻ ባለቅኔ የሚባል ተማሪ የለም።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና ከእርሱ በኋላ የተከታተሉት ኮሌጆች የወረሱት የአውሮፓን የሌክቸር ልማድ ነው። ሌክቸር የሚለው ቃል መነሻው የላቲን ሲሆን ትርጉሙ ማንበብ ነው። መጻሕፍት በእጅ በሚጻፉበትና ዋጋቸውም በማይቀመስበት ዘመን አንዱ ያነብ፣ ሌሎቹም ይጽፉ ነበር። መጽሐፍ በቀላሉ በሚገኝበትና ከዚያም አልፎ በስልክ በሚነበብበት ዘመን ልማዱ ባለበት መቀጠሉ የሚያስገርም ነው።

ከሌክቸር ያፈነገጡ ሙከራዎች በኢትዮጵያም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተውም የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎቻቸውን በቡድን አድርገው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሕዝቡ መካከል እየላኩ አስተምረዋል። በምሕንድስናም ረገድ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የዴንማርኩ ኦልቦር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን የመሠረተው ተማሪዎች በቡድን ሆነው በየሴሚስተሩ በሚፈቱት እውነተኛ ችግር ላይ ነው።

የሚነሡ ችግሮች

አንደኛው ችግር የተማሪው ብዛትና የመሣሪያ እጦት ነው። ይህ ዘዴ ግን ኤሌክትሪክ እንኳ አይፈልግም። እያንዳንዱ ተማሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ካርቶኖች ይይዛል፤ ምልክት ሲሰጥ አንዱን ከደረቱ ላይ አድርጎ ወደ መምህሩ ያሳያል። ካርቶኑ ደረት ላይ መሆኑ ጎረቤት እንዳያየው ስለሚከልል፣ ይሉኝታ የያዘውም ተማሪ ሳይፈራ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በሚመልሱና በካርድ በሚመልሱ ተማሪዎች መካከል የመማር ልዩነት አላገኘም።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ ኮሌጆች የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ነገሩ ሳይገባው ቃሉን ብቻ ይዞ የሚወጣ ተማሪ ብዙ ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ እንግሊዝኛው ያፈረው ተማሪ በክፍል ውስጥ ሳይጠይቅ ይመረቃል። ከጎረቤቱ ጋር ሲከራከር ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ ማሰብ ይችላል፤ ከተረዳው በኋላ በእንግሊዝኛ መግለጹ የሚቀልል ሥራ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ዘዴው ስሙ ብቻ እንዳይቀር የሚያሠጋው ልማድ ነው። «አንድ ለአምስት» ተብሎ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች የተሞከረው አደረጃጀት ተማሪ ከተማሪ እንዲማር ታስቦ የተዘረጋ ነበር። ዳሩ ግን ቡድን ማቋቋም ብቻውን ትምህርት አይሆንም። የሚያከራክር ጥያቄ ካልቀረበ፣ እያንዳንዱም ተማሪ አስቀድሞ ለብቻው ካልወሰነ፣ መሪው ሠርቶ የቀሩት ስማቸውን ያስመዘግባሉ።

አራተኛው «ካሪኩለሙ አያልቅም» የሚለው ነው። በእርግጥ መምህሩ በአንድ ሰዓት የሚያነሣው ርእስ ይቀንሳል። ነገር ግን ያለቀው ካሪኩለም የመምህሩ ነው ወይስ የተማሪው? ትርጓሜን፣ የቀመር አመጣጥንና የተሠሩ ምሳሌዎችን ተማሪው አስቀድሞ ማንበብ ይችላል፤ ክፍሉ ለሚያሰናክለው ነገር ይቆይ። ፈተናውም ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ይህም ሆነ የየኮሌጁ ፈተና ቁጥርን በቀመር ውስጥ ማስገባትን ብቻ ከጠየቀ፣ ተማሪው ለሌላው ነገር ጊዜውን የሚያጠፋበት ምክንያት አያገኝም።

ከሁሉ የሚከብደው አምስተኛው ነው፤ ተማሪው ራሱ ዘዴውን ላይወደው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሃርቫርድ የወጣ ጥናት የፊዚክስ ተማሪዎችን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በተዋበ ሌክቸር፣ ሌላውን በሥራ እንዲማር አደረገ። በሥራ የተማሩት በፈተና የበለጠ አገኙ፤ ሲጠየቁ ግን የተማርነው ያነሰ ነው አሉ። ጥሩ ንግግር መስማት የመረዳት ስሜት ይሰጣል፤ ማሰብ ግን ያደክማል፣ ድካሙም ያለማወቅ ይመስላል። ስለሆነም ሌክቸሩን የተወ ወጣት መምህር ሴሚስተሩ ሲያልቅ «አያስተምርም» የሚል አስተያየት ሊሰጠው ይችላል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይህን አስቀድሞ ካላወቀና ካልደገፈው፣ መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። ለተማሪዎቹም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምክንያቱ ሊነገራቸው ይገባል።

የማኅበሩ ድርሻ

በየመሥሪያ ቤቱና በየግንባታ ቦታው አዲስ ተመራቂ የሚቀበለው የዚህ ማኅበር አባል ነው። ተመራቂው ቲዎሪ እንጂ ሥራ አያውቅም የሚለው ወቀሳም ከዚሁ ወገን ይሰማል። ወቀሳው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ኮሌጁ የሚያጣውና ባለሙያው በእጁ የያዘው አንድ ነገር አለ። እርሱም ከሥራ የተገኘ ጥያቄ ነው።

ጥሩ ጥያቄ መጻፍ ከባድ ነው። በቀመር ብቻ የሚመለስ መሆን የለበትም፤ የተሳሳቱት አማራጮችም በሥራ ላይ በእርግጥ የሚፈጸሙ ስሕተቶች ሊሆኑ ይገባል። አርማታው ወፍሮ ለማፍሰስ ሲያስቸግር ውሃ ቢጨመርበት ሲደርቅ ጥንካሬው ምን ይሆናል? በመንደሩ መጨረሻ ከትራንስፎርመሩ ርቆ ያለው ቤት አምፖል ለምን ምሽት ምሽት ይደበዝዛል? ከጉድጓዱ አፍ የተቀመጠ ሳቢ ፓምፕ 9 ሜትር ጥልቀት ያለውን ውሃ በባሕር ዳርቻ ለጥቂት ቢያነሣ በአዲስ አበባ ያነሣዋልን? አያነሣውም። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነውና፣ በባሕር ጠለል ላይ 10 ሜትር ያህል የሚሆነው የመጨረሻ ልክ በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 8 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። የሞተሩን ጉልበት መጨመር ነገሩን አይለውጠውም። ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ የተከራከረበት ተማሪ ሳቢ ፓምፕ በተሳሳተ ቦታ አያዝም።

ስለዚህ ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። እያንዳንዱ አባል እስከሚመጣው ዓመታዊ ጉባኤ ድረስ ከሥራው ልምድ አንድ ጥያቄ፣ ከነትክክለኛው መልስና በሥራ ላይ ካያቸው ስሕተቶች ጋር፣ የድርጅት ወይም የሰው ስም ሳይጠቅስ ጽፎ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስረክብ። ማኅበሩም ከኮሌጅ መምህራንና ከአባሎቹ የተውጣጣ አነስተኛ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥያቄዎቹን በየትምህርቱ ዓይነት ይለይ፣ ያርም፣ ለምሕንድስና ኮሌጆችም በነጻ ያድል። መምህሩ ከዚህ ጥራዝ በሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ አንሥቶ አሥር ደቂቃ ቢሰጠው፣ በአሥራ ስድስት ሳምንት ሴሚስተር ውስጥ ተማሪው አሥራ ስድስት ጊዜ ራሱ አስቦ ወስኗል፣ ተከራክሯል፣ ታርሟል ማለት ነው። ሥራው ከዚህ ቢጀመር አባሎቹንም ሆነ ኮሌጆቹን የሚጠይቃቸው ወጪ ወረቀትና ካርቶን ብቻ ነው።